እናቴ በአማርኛ ስትጠራው የማይገባው የድምፅ ረዳት፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ግላኮማ ዓይኗን ከዳር ከዳር እየበላ መጥቶ አሁን የቀራት ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥቼ 11 ሰዓት እስክመለስ ብቻዋን ትውላለች። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። አገር ቤት እያለች የስልኳን ቁልፎች በጣቷ እየዳሰሰች ትደውል ነበር። የአሁኑ ስልክ ግን ልሙጥ መስታወት ነው፤ ጣቷ የሚያውቀው ነገር የለውም።

ስለዚህ የድምፅ ረዳት የሚባለውን፣ በስሙ ሲጠሩት ሰምቶ የሚታዘዝ ስፒከር ገዝቼ ሳሎን አስቀመጥሁላት። ለእኔ ጠቅሞኛል፤ እጄ ሊጥ ሆኖ የወጡን ሰዓት አስይዘዋለሁ፣ ጃኬት ልያዝ አልያዝ እጠይቀዋለሁ። ለእሷ ግን አልሆነም። ስሙን አጥርታ ትጠራዋለች፤ ይነቃል። ከዚያ እኔን እንዲጠራላት በአማርኛ፣ በትሕትና ትጠይቀዋለች። አልገባኝም ብሎ በእንግሊዝኛ ይመልስላታል፤ እሷም እሱ ያለው አይገባትም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የማላውቀው ሙዚቃ ቤቱን እያናወጠው፣ እሷ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እንዴት እንደሚያስቆሙት ስላላወቀች ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እንደዚያ ውላለች። ምግቧን እንኳ አልነካችም።

አማርኛ ብቻ ለሚናገር ወላጅ ይህን ዕቃ ያሠራ ሰው አለ? ወይስ ነቅዬ ላውጣው?

እስከ ዛሬ 21 መልስ መጥቷል። እያንዳንዱን እንዳለ አልገለብጥም፤ የተረዳሁትን በየቁጥሩ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ዳላስ ነው የሚኖረው። እናቴን እግዜር ይማራት ብሎ ጀመረና አባቱ ሁለት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንደ ዳዊት በቃላቸው መያዛቸውን ነገረኝ፤ አንዱ ለመደወል፣ አንዱ ዝም ለማሰኘት። ትርጉሙን ቃል በቃል አያውቁትም፤ ዜማውን ነው የያዙት። መጀመሪያ መማር ያለባት ማስቆሚያውን ነው ብሎ አጥብቆ መከረኝ። ያን ቀን ማታውኑ አስተማርኋት። በአንድ ቃል ዝም ሲልላት ትከሻዋ ሲፈታ አየሁት።

መልስ 2። ባጭሩ፣ ስልኩ አማርኛ እንደሚሰማና እሱ በየቀኑ እያናገረው እንደሚጽፍ ገለጸ። እኔ ሳልሞክረው የጻፍሁ መሰለው።

መልስ 3። ይህን በጨዋነት ያረመ ሰው መጣ። ሁለተኛው የሚጠቀምበት በድምፅ መጻፊያው ነው አለ። ጉግል በ2017 ነሐሴ ላይ 30 ቋንቋዎችን ወደ ድምፅ መጻፊያው ሲጨምር አማርኛና ስዋሂሊ አብረው ገብተዋል። ያ የተናገሩትን ይጽፋል፤ አይታዘዝም። ረዳት የሚባለው ግን አራት ሥራ አለበት፦ ድምፁን ወደ ቃል መለወጥ፣ ከቃሉ የተፈለገውን ማውጣት፣ የተፈለገውን መፈጸም፣ በመጨረሻ በድምፅ መመለስ። ድምፅ መጻፊያው የሚሠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የአፕል ረዳት ሲሪ በ2011 ከአይፎን 4ኤስ ጋር፣ የአማዞን ረዳት አሌክሳ በ2014፣ የጉግል ረዳት በ2016 ሲወጡ በአማርኛ የሚታዘዝ አልነበረም፤ ሲሪም አሌክሳም ዛሬም በአማርኛ ትእዛዝ አይቀበሉም። ሁለተኛው ሰው ተመልሶ አመሰገነው። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይለኛል።

መልስ 4። ይህን የጻፈችው እስራኤል፣ ነታንያ የምትኖር እህት ናት። ሲሪ ዕብራይስጥ ስለሚያውቅ የ6 ዓመት ልጇ እንደ ልቡ ያዘዋል። አያቱ ዕብራይስጡ ስለማይሆንላቸው የሚፈልጉትን ለልጁ ይነግሩታል፣ ልጁ ለስልኩ ይነግረዋል፣ የመጣውን መልስ ደግሞ ልጁ በተሰባበረ አማርኛ ይመልስላቸዋል። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ልጁ የአያቱ አስተርጓሚ ሆነ ብላ። ኋላ ግን አንድ ነገር አሳሰባት። ልጁ የቤት ዕቃው ሁሉ በዕብራይስጥ ሲመልስ እያየ ያድጋል፤ አማርኛ ደግሞ ምንም ነገር የማይታዘዝለት፣ የአያት ብቻ ቋንቋ ሆኖ ይቀርበታል።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስለ እናቴ መቸገር ብቻ ነበር ያሰብሁት። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ስፒከር የእህቴን ልጆች ምን እያስተማራቸው እንደሆነ አላሰብሁም ነበር። አንድ ቅዳሜ ሲመጡ ትንሿ፣ አያቷ ስፒከሩን ስታናግር ሰምታ፣ እሱ አማርኛ አይችልም እኮ ብላ አረመቻት። እናቴም አፍራ ዝም አለች። ለካ ያሳፈራት ይኼ ኖሯል።

መልስ 5። ሚኒሶታ ያለች ነርስ ስለ ሰዓት ጻፈች። ከሌሊት ሥራ ደክሟት ገብታ፣ በእንቅልፍ ልቧ ለ12 ሰዓት ቀስቅሰኝ ብላ በእንግሊዝኛ አዘዘችው። እሷ ያሰበችው በእኛ አቆጣጠር የምሽቱን 12 ነው። ማሽኑ የእኩለ ሌሊቱን ያዘ። ሥራ ቀረችና ከአለቃዋ ጋር ተጣላች። ስለዚህ የእናትሽን የመድኃኒት ማስታወሻ ራስሽ ያዢው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት እዚያ 8 መሆኑን አትርሺ አለችኝ። የእናቴ የደም ግፊት ኪኒን ልክ በ2 ሰዓት ነው! ነገሩን በጊዜ ነው የነገረችኝ።

መልስ 6። ታዲያ የአገር ቤቱን ሰዓት አገር ቤት መተው ነው የሚሻለው አለ፤ በሰው አገር ሁለት ሰዓት መቁጠር ግራ መጋባት ነው ሲል።

መልስ 7። ይህኛው በስድስተኛው ላይ ቆጣ አለ። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት የምንቆጥረው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራበ ሰዓት በምትወጣበትና በምትገባበት አገር ስለኖርን ነው፤ ስሕተቱ ሁለቱንም መያዝ ባልቻለው ዕቃ ላይ ነው ብሎ ተከራከረ። 13 ወር ያለው የቀን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው፤ የሙት ዓመት መቼ እንደሚውል ስትጠይቀው ጳጉሜን የማያውቅ ረዳት ለማን ነው የሚረዳው አለ። እኔ የእሱ ወገን ነኝ፤ አነጋገሩ ግን ስድስተኛውን ሰው ሳያስቀይመው አልቀረም። ያ ሰው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 8። ወሬው እዚህ ጋ መንገድ ቀየረ። ማሽኑን አንተ ነው አንቺ የምትሉት የሚል ጥያቄ መጣ። እንግሊዝኛ አይጨንቀውም፤ በአማርኛ ግን ጥራልኝና ጥሪልኝ ሳይመርጡ አፍ መክፈት አይቻልም። ጠያቂው የሰው ያልሆነ ድምፅን አንቱ ማለት እንደማይገባ፣ ልጆች ደግሞ በሴት ድምፅ ላይ እየጮኹ ማዘዝ እንዳይለምዱ እንደሚፈራ ጻፈ። የእኔ እናት አንቺ ነው የምትለው፤ የጎረቤት ልጅ የላከች ያህል እባክሽ ትጨምርበታለች።

መልስ 9። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ ወንድም ወደ ጥቅሙ መለሰን። ያለዚህ ነገር ሥራ አልሠራም ነበር አለ። ሰው ተሳፍሮ ሳለ እጁን ከመሪው ሳያነሳ መንገድ ይጠይቃል፣ ለሚስቱ መልእክት ይልካል። የሚያስቸግረው የእኛ ሰው ስም ነው፤ ጸሐይንና ጥላሁንን አድራሻ ደብተሩ ውስጥ በላቲን ፊደል ጽፎ፣ በእኛ አፍ ሲጠራቸው አያገኛቸውም። ጠ፣ ጨ፣ ጸ እንግሊዝኛ ውስጥ ስለሌሉ እንደ ፈረንጅ አላልቶ ሲጠራቸው ነው የሚሰማው። የገዛ ወንድሙን ስም አበላሽቶ መጥራት እንደሚከብደው ጨመረ። ይገባኛል።

መልስ 10። እጅ ነፃ ሆነ ማለት ሐሳብ ነፃ ሆነ ማለት አይደለም ሲል ሌላው አስጠነቀቀው። የአሜሪካ የመኪና ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ፣ የትራፊክ ደኅንነት ተቋም ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2015 ያወጣውን ጥናት ጠቀሰ፦ በድምፅ አዝዞ ከጨረሰ በኋላ የሾፌሩ ልብ ወደ መንገዱ እስኪመለስ እስከ 27 ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያ ጊዜ 300 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዘጠነኛው ይህን አልሰማሁም ነበር ብሎ፣ ከእንግዲህ ቆሜ ነው የማዘው አለ።

መልስ 11። ከዚህ በኋላ ቃሉ መረረ። አንድ ሰው በእናትሽ ሳሎን ጆሮ ተክለሻል ብሎ ጀመረኝ። በ2019 የአፕልም፣ የአማዞንም፣ የጉግልም ረዳቶች ከቀዱት ድምፅ ከፊሉን ተቀጣሪ ሰዎች ያዳምጡት እንደነበር መጋለጡን አነሣ። አማዞን የሕፃናትን የድምፅ ቅጂ በማቆየቱ ለተከፈተበት ክስ በ2023 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን፣ አፕል ደግሞ በሲሪ ጉዳይ ክርክሩን በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት መስማማቱ በ2025 ጥር መሰማቱን ዘረዘረ። ከዚያ እናትሽ የምትጸልየው፣ የምታለቅሰው፣ ስለ ሰው የምታማው ሁሉ ሳታውቅ ይቀዳል አለ። ልቤ ደነገጠ። እናቴ ሳሎን ነው ውዳሴ ማርያም የምትደግመው።

መልስ 12። ሌላ ሰው ረጋ ብሎ ለያየው። ስፒከሩ የመጥሪያ ስሙን እስኪሰማ ድረስ የሚያዳምጠው እዚያው በራሱ ውስጥ ነው፤ ወደ ኩባንያው የሚልከው ስሙ ከተጠራ በኋላ ያለውን ነው። ችግሩ ያልተጠራውን ተጠራሁ ብሎ ሲነቃ ነው። ያኔ ያላዘዙት ወሬ ይሄዳል። ድምፅ መያዣውን የሚዘጋ ቁልፍ አለው፤ የተቀዳውንም ገብቶ ማጥፋት ይቻላል። አስራ አንደኛው የሚፈራው ከንቱ እንዳልሆነም አምኗል፤ አማዞን አንዳንድ ስፒከሮቹ ላይ ድምፁን ሳይልኩ የመጠቀም ምርጫ ከመጋቢት 2025 ጀምሮ አንሥቷል። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ እናትሽን ጠይቀሻታል ወይ? አልጠየቅኋትም ነበር።

መልስ 13። ይህ መልስ ከሁሉ ይበልጥ አቆሰለኝ። አገር ቤት ቢሆኑ ጎረቤት ቡና ይዞ ይመጣላቸው ነበር፤ ወላጅ ለማሽን አይሰጥም፤ ልጅ ያላት እናት ከሳጥን ጋር ስታወራ መዋሏ ነውር ነው ብሎ ጻፈ።

መልስ 14። ይህ የራሴ ነው። የቤት ኪራዩን፣ የሁለት ሥራዬን ሰዓት፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው እንደሌለ ጻፍሁ። ማሽኑ እኔን እንዲተካ አልፈለግሁም፤ እኔን እንዲጠራልኝ ነው የፈለግሁት። በአስራ ሁለተኛው ምክር መሠረት እናቴን እንደጠየቅኋትም ነገርኋቸው። ስትጸልይ እንዲዘጋላት ትፈልጋለች፤ በተረፈው ጊዜ ግን እንዲኖር ትፈልጋለች። ድምፅ መያዣውን የሚዘጋውን ቁልፍ በጣቷ እንድታገኘው ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ለጠፍሁበት። ዳዊቷን በቃሏ ልትደግም ስትል መጀመሪያ እሱን ትዳስሳለች።

መልስ 15። የጻፉት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። አስራ ሦስተኛውን ልጄ ብለው ጠርተው፣ እርጅናን ገና አታውቀውም አሉት። እሳቸው አንድ ነገር ሰው ሲጠይቁ ያፍራሉ። ሰዓቱ ስንት ነው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ዝናብ ይመጣል ወይ፤ አንዴ መጠየቅ ምንም አይደለም፣ በአሥረኛው ግን ልጆቹ ሳይቆጡ ድምፃቸው ይቀየራል። ያን የድምፅ መቀየር ነው የሚፈሩት። ማሽኑ ሃያ ጊዜ ቢጠይቁት ድምፁ ያው ነው። ጥቂት እንግሊዝኛ ስላላቸው ሰዓቱን ከእሱ ይሰማሉ፣ ለልጆቻቸው ደግሞ ጨዋታውን ያቆዩላቸዋል። የጎረቤት ቡና እንደሚናፍቃቸው፣ የሁለቱ ናፍቆት ግን እንደማይጣላ ነገሩት።

እንባዬ መጣ። ለእናቴ አነበብሁላት። ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምሁላት። ከዚያ እሷም እንደምታፍር ነገረችኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ስትደውልልኝ ቶሎ የምትዘጋው ለዚህ ነው።

አስራ ሦስተኛው ሰው ይቅርታ ጠየቀ። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነበር፤ እሱም ይበቃኛል።

መልስ 16። ከዚያ ለምን አማርኛ ወደ ኋላ እንደቀረ ያስረዳ ሰው መጣ፤ ቋንቋ ያጠና ይመስለኛል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም አለ። ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱ፤ አለ ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር። ሰው ከአገባቡ ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ግን ይስታል። ግሱም ሐሳቡን ሁሉ በአንድ ቃል ያጭቃል፤ ቀስቅሰኝና አትቀስቅሰኝ የሚለያዩት በአንዲት አት ነው፤ እሷን የሳተ ረዳት የተባለውን ተቃራኒ ይሠራል። ሆኖም ዋናው ችግር ይህ አይደለም አለ፤ ዕብራይስጥና ዐረብኛም ከባድ ናቸው። ችግሩ የተሰበሰበ ድምፅ ማነሱ ነው። ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የንባብ ድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ያህል ነበር፤ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመት በእሱ ሠርተዋል። ትልልቆቹ ቋንቋዎች የሚሠለጥኑት በብዙ ሺህ ሰዓት ነው። ድምፁ ያልተሰበሰበለት ሰው በራሱ ቋንቋም ይጎዳል። በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አምስት የታወቁ ኩባንያዎችን የድምፅ መለያ ሲፈትሹ፣ ለነጭ አሜሪካውያን ከ100 ቃል 19 ያህል፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ግን 35 ያህል ሲስት አግኝተውታል። ሁሉም የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው።

መልስ 17። አንድ የግብርና ባለሙያ ከባሕር ዳር ጻፈ። ድምፅ የሚሰማ ማሽን እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቅም አለ፤ 8028ን አስታወሰን። ይህ የገበሬዎች ነፃ መስመር ከ2014 ጀምሮ ይሠራል፤ አርሶ አደሩ ይደውላል፣ ቋንቋውን በቁጥር ይመርጣል፣ ስለ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው በሰው ድምፅ የተቀዳውን ምክር ይሰማል። ቁልፍ መጫን ለቻለ ማንም በቂ ነው። ወሬው ለጥቂት ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ሊሄድ ነበር፤ ተመለሰ።

መልስ 18። ዓይነ ስውር የሆነ ወንድም ከአዲስ አበባ። በስልኩ ላይ የሚጠቀመው ኢስፒክ የሚባለውን ነፃ የማንበቢያ ድምፅ ነው፤ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ብረት ብረት እንደሚል፣ ጆሮ ግን እንደሚለምደው ጻፈ። ለእናቴ ግን ቁልፍ ያለው ስልክ ነው የመከረው። 5 ቁጥር ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ጣት ከእሷ ተነሥቶ ሌሎቹን ያገኛል። 2ን ጫን አድርጎ በመያዝ ልጅ ጋ እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። ይህን ሳነብ እናቴ የድሮ ስልኳን እንዴት ትይዘው እንደነበር ትዝ አለኝ።

መልስ 19። አንድ ልጅ የራስን ትእዛዝ ቃል ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳየኝ። የእንግሊዝኛ ጆሮ የሚይዘው አማርኛ ቃል ፈልጌ፣ ቃሉ ሲሰማ ወደ ስልኬ ማሳሰቢያ እንዲልክ አስተካከልሁት። ብዙ ቃል ሞከርን። እሺ አልሆነም፤ ጸሐይ ፈጽሞ አልሆነም። ሰላም ሆነ። አሁን እናቴ ስሙን ጠርታ ሰላም ስትል ስልኬ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ እደውልላታለሁ።

መልስ 20። ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ለአደጋ አትተማመኚበት የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። የአሌክሳ መደወያ 911 አይደውልም፤ መብራት ወይም ዋይፋይ ሲሄድ ደግሞ ስፒከር ሁሉ ዝም ይላል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል የአደጋ መጥሪያ ግዢላት አለኝ። አስራ ስምንተኛውንም አረመ፦ አሜሪካ ውስጥ የ3ጂ መስመር በ2022 ስለተዘጋ የድሮው ስልክ እዚህ አይሠራም፤ ቁልፍ ያለው ባለ 4ጂ ስልክ መሆን አለበት። ሁለቱንም አዘዝሁ።

መልስ 21። የመጨረሻዋ እህት አስራ ስድስተኛውን ጠቅሳ፣ ድምፅ ከጠፋ ድምፅ እንስጥ አለች። ኮመን ቮይስ የሚባለው፣ ፋየርፎክስን የሚሠራው ድርጅት የሞዚላ ሥራ፣ ከ2017 ጀምሮ ከማንም ፈቃደኛ ድምፅ ይሰበስባል፤ አማርኛም አለበት። ዐረፍተ ነገር ይመጣል፣ አንብበው ይቀዱታል፣ ሌላ ሰው ሰምቶ ያረጋግጠዋል።

ማንበብ የማይችል ሰው ድምፅስ እንዴት ይገባል ብዬ ጠየቅኋት። ረዳቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ማያ ገጹን የማያዩት፣ ፊደል ያልቆጠሩት ናቸው፤ የሚሰበሰበው ድምፅ ግን የሚያነቡት ብቻ ነው። አንቺ አንብቢላት፣ እሷ ትድገመው አለችኝ።

ትናንት ማታ ሞከርን። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚመጣ ሁሉ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትደግማለች። አራቱን እንዳለ ደገመችው። አምስተኛው ላይ አቆመችኝ፤ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው የለም አለች። ሌላ አምጪ አለችኝ፤ ያን አለፍነውና ስድስተኛውን አነበብሁላት።